ያዕቆብ ቤርኑሊ፤ ወይም ከመፍረድ አስቀድሞ መቍጠር

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ አንዱ ሳንቲም ወደ ላይ ቢወረውር፥ ሳንቲሙ መሬት ሳይነካ ዘውድ ነው ወይም ጎፈር ነው ብሎ በእርግጥ ሊናገር የሚችል ማን ነው? ማንም የለም። እንደዚሁም ዛሬ ጤነኛ የሆነ ሰው በሚመጣው ዓመት ይታመም እንደ ሆነ፥ ከሳምንት በኋላም ዝናም ይዘንም እንደ ሆነ አስቀድሞ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰዎች ዕጣ ነው፥ ወይም አጋጣሚ ነው ይሉታል። ብዙዎችም ዕጣ ሥርዓትና ልክ የሌለው ነገር ነው ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ዕጣም ልክ እንዳለው፥ ልኩም በቍጥር ሊታወቅ እንደሚችል ያስረዳ አንድ ሰው በአውሮጳ ነበረ። ስሙ ያዕቆብ ቤርኑሊ ይባላል። የዚህን ሰው ታሪክ አሁን እንነግራችኋለን።

ያዕቆብ በስዊስ አገር፥ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በባዝል ከተማ፥ በ1655 ዓ.ም. በጥር ወር ተወለደ። በዚህ ታሪክ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። ወገኖቹ አስቀድሞ በአንትወርፕ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ በሃይማኖታቸው ምክንያት ስደት በተነሣባቸው ጊዜ ግን ያችን ከተማ ለቀቁ፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ ልጆቻቸው ባዝልን አገራቸው አደረጉ። አባቱ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ነበረ፤ ልጁም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሆን ዘንድ ይመኝ ነበር። ስለዚህ ያዕቆብ በባዝል ዩኒቬርሲቲ በመጀመሪያ ፍልስፍና፥ ቀጥሎም ትምህርተ መለኮት ተማረ፤ ይህንንም በ1676 ዓ.ም. ፈጸመ። ልቡ ግን በሒሳብና በከዋክብት ትምህርት ተይዞ ነበር። አባቱ ይህን ባይወድለትም፥ ያዕቆብ የታዘዘውን ትምህርት እስከ መጨረሻው እየተማረ፥ የሚወደውንም በጎን ያጠና ነበር።

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጄኔቭ ከተማ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። በዚያም ዓይንዋ የማያይ አንዲት ልጃገረድ ነበረች፤ ያዕቆብም ጽሕፈት ሊያስተምራት ደከመ። ፊደሉ በእንጨት ላይ ተቀርጾላት እርስዋ እያንዳንዱን በእጅዋ እየዳሰሰች መልኩን ታጠና ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዳስሶ ፊደልን የሚያውቅ ሰው የለም። ደጋግማ ከዳሰሰች በኋላ ግን እጅዋ መንገዱን ለመደ፥ መጻፍም ቻለች። በሁለት ዓይኖቻችሁ እያያችሁ ፊደል የምትቈጥሩ ልጆች ሆይ፥ ይህችን ልጅ አስቡ። ያዕቆብ ኋላ የደረሰበት ታላቅ ነገርም ይህን ይመስላል፤ ይኸውም በዓይን የማይታየውን ደጋግሞ በመሞከር ማወቅ ነው።

በ1680 ዓ.ም. መጨረሻ እጅግ ትልቅ የሆነ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ላይ ታየ። በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች ጅራታም ኮከብ የመቅሠፍት ምልክት ነው ብለው ይፈሩ ነበር። ያዕቆብ ግን ጅራታም ኮከብም እንደ ሌሎቹ የሰማይ አካላት የራሱ መንገድ አለው ብሎ አሰበ፤ ስለዚህም ነገር መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ አሳቡ ትክክል ነበረ። ነገር ግን ይህ ኮከብ በ1719 ዓ.ም. ተመልሶ ይታያል ብሎ ወሰነ፤ የተባለው ዓመት በደረሰ ጊዜ ኮከቡ አልመጣም። ያዕቆብ ከዚያ አስቀድሞ ሞቶ ስለ ነበር ስሕተቱን አላየም። አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ ነገር ተነሥቶ የሚመጣውን መወሰን ሊቁን ሰው እንኳ እንዲህ ያሳስታል።

ከዚህ በኋላ ያዕቆብ ወደ ሆላንድና ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ የዘመኑን ሊቃውንት አየ። ወደ ባዝልም ተመልሶ በ1683 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። በ1687 ዓ.ም. በዩኒቬርሲቲው የሒሳብ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ እስኪሞትም ድረስ በዚህ ሥራ ኖረ። በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሚያንሰውን ወንድሙን ዮሐንስን ሒሳብ ያስተማረው እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ላይብኒጽ የተባለው የጀርመን ሊቅ አዲስና ከባድ የሒሳብ መንገድ አውጥቶ ነበር። ሁለቱ ወንድማማች አብረው ተቀምጠው ይህን መንገድ መረመሩ፤ ከሚያውቁትም ከጥቂቶቹ የመጀመሪያዎች ሆኑ።

ያዕቆብ ስለ ዕጣ ነገር ብዙ ያሰበው በእነዚህ ዓመታት ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት የጨዋታውን ዕጣ መርምረው ነበር። እርሱ ሊወለድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በ1654 ዓ.ም.፥ ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት፥ ጨዋታው ሳያልቅ የተቋረጠባቸው ሰዎች ያስያዙትን ገንዘብ እንዴት ሊካፈሉ እንደሚገባ እየተጻጻፉ ሒሳቡን አወጡ። በ1657 ዓ.ም. ደግሞ ሃይገንስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ ስለዚሁ ነገር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የመረመሩት ዕጣ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ነጥብ የተጻፈባት የመጫወቻ አጥንት ስድስት ፊት አላት፤ ፊቶችዋም እኩል ከሆኑ፥ አንዱ ፊት የሚወጣው ከስድስት እጅ አንድ እጅ እንደ ሆነ ሳትጣል ይታወቃል። የሰው ሕመምስ ስንት ፊት አለው? ዝናምና ድርቅስ ስንት ፊት አላቸው? የእነዚህን ፊት ቈጥሮ የሚጨርስ ሰው የለም። ያዕቆብ ሊያውቅ የፈለገው ፊቱ የማይቈጠረውን ነገር ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ በመጀመሪያ ዕጣ ራሱ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። የተጣለችው አጥንት በየትኛው ፊትዋ እንደምትወድቅ በእጁ አጣጣል፥ በአጥንትዋ ክብደትና በገበታው የተወሰነ ነው አለ። ይህ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ የተረጋገጠ ነው፤ እኛ ግን ስለማናውቀው ዕጣ ብለን እንጠራዋለን። የፀሐይ ግርዶሽም የሰማይን አካሄድ ለማያውቁ ሰዎች ድንገተኛ ነገር ነው፤ ለሚያውቁት ግን ቀኑ አስቀድሞ ይቈጠራል። እንግዲህ እንደ ያዕቆብ አሳብ ዕጣ የእውቀታችን ጕድለት ነው። ጕድለት ከሆነ ደግሞ ሊለካ ይቻላል። ሙሉ እርግጠኛነትን እንደ አንድ ሙሉ እንጀራ ብንቈጥረው፥ በእርግጥ የማናውቀው ነገር ከእንጀራው እንደ ተቈረሰ ቍራሽ ነው፤ ቍራሹም ግማሽ፥ ወይም ሢሶ፥ ወይም ሩብ ተብሎ ይነገራል። በዛሬ ዘመን እጅግ ጥቃቅን የሆኑትን ነገሮች የሚመረምሩ ሊቃውንት፥ ዕጣ ሁሉ ካለማወቅ ብቻ ይመጣል በሚለው አሳብ ሁሉም አይስማሙም፤ መለኪያው ግን ለሁሉም ያገለግላል።

አሁን ያዕቆብ የሰጠውን ምሳሌ ስሙ። በአንድ ማሰሮ ውስጥ 3,000 ነጭ ጠጠርና 2,000 ጥቁር ጠጠር አለ እንበል። እናንተ ይህን ቍጥር አታውቁም፤ ወደ ማሰሮው ውስጥ መመልከትም አልተፈቀደላችሁም። የተፈቀደላችሁ እጃችሁን አግብታችሁ አንድ ጠጠር ማውጣት፥ መልኩን መጻፍ፥ ጠጠሩን ወደ ማሰሮው መመለስ፥ ማሰሮውንም ነቅንቆ መቀላቀል ብቻ ነው። ከዚህም በኋላ እንደገና ታወጣላችሁ። የነጩ ድርሻ ከአምስት እጅ ሦስት እጅ እንደ ሆነ በዚህ መንገድ ማወቅ ይቻላልን?

አምስት ጊዜ ብታወጡ ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር ይወጣል ማለት አይደለም። በሒሳብ ሲታይ፥ አምስት አምስት ጊዜ ከሚያወጡ 13 ሰዎች አንዱ ያህል አምስቱንም ነጭ ያወጣል። ይህ ሰው በማሰሮው ውስጥ ጥቁር ጠጠር የለም ብሎ ቢናገር፥ ሳይዋሽ ተሳሳተ። ያየው እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነው። ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ፤ ሰው በዓይኑ ያየውን በእውነት እየተናገረ ሐሰት ሊፈርድ ይችላልና።

ብዙ ጊዜ ብታወጡ ግን የነጩ ድርሻ ቀስ በቀስ ወደ እውነተኛው ልክ ይጠጋል። ብዙ ያየ ሰው ጥቂት ካየ ሰው ይልቅ እንደሚያውቅ ያልተማረ ሰው እንኳ አያጣውም። ያዕቆብ የጠየቀው ከዚህ ያለፈ ነው። ስንት ጊዜ ቢያወጡ ይበቃል? ደግሞስ ደጋግመን በደከምን መጠን እርግጠኛነታችን እስከ ፈለግነው ድረስ ያድጋል ወይስ ከአንድ ስፍራ ደርሶ ይቆማል? ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ ብዙ ዓመት ደከመ፤ በመጨረሻም እርግጠኛነቱ እስከ ፈለግነው ድረስ እንደሚያድግ በሒሳብ አረጋገጠ። ሰው ከዚያ ማሰሮ 25,550 ጊዜ ቢያወጣ፥ የነጩ ቍጥር ከ14,819 የሚያንስበት ወይም ከ15,841 የሚበልጥበት ጊዜ ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ እርግጠኛነት በአሥር እጥፍ እንዲጨምር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ 5,708 ጊዜ ቢያወጣ ይበቃዋል።

በዚህ መለኪያ ዕጣና ዕጣ ያልሆነው ነገር ይለያል። አንድ ሰው ከማሰሮው 25,550 ጊዜ አውጥቼ ነጩ ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘሁ ቢል፥ ይህ እንዲያው የዕጣ ነገር ነው ብለን ዝም አንልም። የማሰሮው ጠጠር እንደ ተነገረን ነውን? ማሰሮው ተነቅንቆ ነበርን? የጻፈውስ ሰው በእውነት ጽፏልን? ብለን እንጠይቃለን። ጥቂት ብቻ ባወጣ ሰው ላይ ግን እንዲህ ብለን ልንጠረጥር አይገባንም፤ በጥቂት ነገር ላይ ዕጣ ብዙ ወዲያና ወዲህ ይላልና። ደግሞ ነጭ ጠጠር አሥር ጊዜ ተከታትሎ ቢወጣ፥ አሁንስ የጥቁሩ ተራ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ማሰሮው የቀድሞውን አያስታውስም፤ ዕዳም የለበትም። ብዙ ሰዎች በቁማር ገንዘባቸውን የሚያጠፉት ማሰሮው የሚያስታውሳቸው እየመሰላቸው ነው።

በ1703 ዓ.ም. ላይብኒጽ ስለዚህ ሥራ ሰምቶ ለያዕቆብ ጻፈለት፤ አንድ ከባድ ጥያቄም አቀረበ። አዲስ በሽታ በሰው ልጆች ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ታዲያ የቀድሞዎቹን ሰዎች ሞት ስንት ጊዜ ብንቈጥር የሚመጣውን እንዴት እንወስናለን? የሚል ነው። ያዕቆብ ጥያቄውን አልናቀም። በማሰሮው ውስጥ ያለው ጠጠር ከተለወጠ አዲስ ቈጠራ ያስፈልጋል ብሎ መለሰ። እርሱም በበኩሉ በሆላንድ አገር የታተመ ስለ ሰዎች ዕድሜ የሚናገር ጽሑፍ እንዲልክለት ላይብኒጽን ለመነው፤ ጽሑፉ ግን አልመጣለትም። መለኪያውን ያወጣው ሰው የሚለካውን ነገር አጥቶ ቀረ።

ይህን የመሰለ ትዕግሥት የነበረው ሰው በቤቱ ግን ደስታ አላገኘም። ዮሐንስ በሒሳብ እየበረታ ሲሄድ በሁለቱ ወንድማማች መካከል ቅናት ገባ። ያዕቆብ ወንድሙን ዘወትር እንደ ደቀ መዝሙሩ ሊቈጥረው ወደደ፤ ዮሐንስም ከመምህሩ እንደሚበልጥ ሊያሳይ ወደደ። በሊቃውንት መጽሔት ላይ ሰው ሁሉ እያየ ተሰዳደቡ። ያዕቆብ አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ አውጥቶ ወንድሙን ገንዘብ አስይዞ ፈተነው፤ ዮሐንስም ፈጥኖ መለሰ፥ መልሱ ግን ጕድለት ነበረበት። ከዚህም በኋላ ጠቡ ባሰ። ከማሰሮ ስንት ጠጠር ካላወጡ መፍረድ እንደማይገባ የለካው ሰው፥ ስለ ገዛ ወንድሙ ለመፍረድ ጥቂት ቃል በቃው። ዮሐንስም እንዲሁ አደረገ።

ያዕቆብ የዕጣውን መጽሐፍ 20 ዓመት ያህል በእጁ ይዞ ሳያሳትመው ኖረ። ስለ አገር አስተዳደርና ስለ ሰዎች ኑሮ የሚናገረው የመጨረሻው ክፍል አልተፈጸመም ነበርና። ነገር ግን ጤንነቱ እየደከመ ሄደ፤ በነሐሴ 16 ቀን 1705 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ በባዝል ሞተ። ዮሐንስ በሆላንድ ካለችው ከግሮኒንገን ከተማ ወደ ባዝል ሲመለስ የወንድሙን ሞት በመንገድ ላይ ሰማ። ወደ ከተማው ደርሶ የወንድሙን የመምህርነት ሥራ ወረሰ፤ እርቅ ግን ሳይሆን ቀረ። የያዕቆብ ቤተ ሰቦች የቀድሞውን ጠብ ስላሰቡ ጽሑፎቹን ለዮሐንስ መስጠት ፈሩ። መጽሐፉም ስምንት ዓመት ቈይቶ በ1713 ዓ.ም. ታተመ፤ ኒቆላዎስ የተባለ የወንድሙ ልጅ መቅድም ጻፈለት። ስሙ የመገመት ጥበብ ማለት ነው። መጨረሻው እንደ ጎደለ ቀረ።

ጎደሎ ቢሆንም ፍሬው ብዙ ሆነ። በ1733 ዓ.ም. ደ ሞዋቭር የተባለ ሊቅ ከያዕቆብ የተሻለ ሒሳብ አገኘ፤ ከእርሱም የተነሣ ያን የሚያህል እርግጠኛነት ለማግኘት ከ25,550 እጅግ ያነሰ ቍጥር እንደሚበቃ ታወቀ። በዛሬ ጊዜ አዲስ መድኃኒት ሲፈተን፥ የዳነው ሰው በመድኃኒቱ ዳነ ወይስ እንዲያው ዳነ ብለው ሐኪሞች የሚለዩት በዚህ መንገድ ነው። አንድ በሽተኛ ስለ ዳነ ብቻ መድኃኒቱን አያመሰግኑም፤ አንድ ስለ ሞተም አይጥሉትም። ብዙ በሽተኞችን ከፍለው፥ ለእኩሌታው ሰጥተው፥ ለእኩሌታው ከልክለው፥ ቈጥረው ያመዛዝናሉ። በዚህም የብዙ ሰው ሕይወት ይድናል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው ይህ ነው፤ ከጥቂት ነገር ተነሥታችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። አንድ ቀን የተሳሳተውን ጓደኛችሁን ሰነፍ ነው አትበሉ። ከአንድ አገር ሰዎች አንድ ክፉ ብታገኙ ያገሩን ሰው ሁሉ ክፉ ነው አትበሉ፤ ከማሰሮው አንድ ጠጠር ብቻ አውጥታችኋልና። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ የማናውቀው ነገር ቢበዛም ተስፋ አንቈርጥም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በትዕግሥት የሚቈጥርና ያየውን በእውነት የሚጽፍ ሰው፥ ተዘግቶ ከሚኖር ማሰሮ እንኳ እውነትን ያወጣል። ያዕቆብ ይህን ለጠጠር አደረገ። እናንተም ለጠጠር ብቻ ሳይሆን ለወንድማችሁ ደግሞ አድርጉት።